የጥጋብ ፍልስፍና አትበሉብኝ

ሰልችቶኛል። አንድ መጽሐፍ በተነሳ ቁጥር ያንኑ ሁለት መልስ መስማት ሰልችቶኛል። መጽሐፉ የጄምስ ካርስ «ፋይናይት ኤንድ ኢንፊኒት ጌምስ» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1986 አሜሪካ ውስጥ የታተመ። ካርስ በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዘመን ሃይማኖት ያስተማረ ሰው ነበር፤ በ2020 አረፈ። መጽሐፉ ቀጭን ነው። 101 ቁጥር የተሰጣቸው አጫጭር ክፍሎች ብቻ። ለመጨረስ ጊዜ የሚፈጅ አይደለም፤ የሚፈጀው ድፍረት ነው። ለዚህ ነው የማይጨረሰው።

የመጀመሪያው መልስ «ይሄማ የጠገበ ሰው ፍልስፍና ነው፤ ሕይወት ጨዋታ ናት የሚለው ያልተራበ ነው» የሚል ነው። ሁለተኛው «አሪፍ ነው፣ ለቢዝነስ ይሆናል» ይላል። አንዱ ይንቀዋል፣ ሌላው ያጨበጭብለታል። ሁለቱም ከመጽሐፉ እየሸሹ ነው።

ካርስ የሚለው ምንድን ነው? ሁለት ዓይነት ጨዋታ አለ ይላል። አንዱን የምንጫወተው ለማሸነፍ ነው። መጀመሪያና መጨረሻ፣ ወሰንና ዳኛ፣ አሸናፊና ተሸናፊ አለው። ዋንጫ፣ ምርጫ፣ ፈተና፣ ሹመት፣ ጦርነት። ሌላውን የምንጫወተው ጨዋታው እንዳይቋረጥ ነው። እዚያ ጨዋታው ሊሞት ሲል ሕጉ በተጫዋቾቹ ስምምነት ይለወጣል፤ አዲስ ሰው ሲመጣ ቦታ ይለቀቅለታል። ከዚህ ተነስቶ ንብረትን፣ ማዕረግን፣ ትምህርትን፣ ወሲብን፣ ማሽንን፣ ጦርነትን፣ ክፋትን እያነሳ ይመረምራል። ዘና በሉ አይልም። ተዉት፣ ዓለም እንዲህ ናት አይልም። ለሰበብ አንዲት ቀዳዳ የማይተው መጽሐፍ ነው። በቀልደኛ ርዕሱ ተታላችሁ ከገባችሁ አለቀላችሁ፤ ከየትኛውም በር አያስወጣችሁም።

እና «የጠገበ ሰው ፍልስፍና» የሚለው ማን ነው? ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? የቀን ሠራተኛ ሲለው ሰምቼ አላውቅም። ጉልት የምትቸረችር ሴት አላለችኝም። የሚለው ማኪያቶ ፊቱ የቀረበለት፣ ደመወዙ ወር ጠብቆ የሚገባለት፣ ልጆቹን በውድ ትምህርት ቤት የሚያስተምር ሰው ነው። ድሃው ውክልና አልሰጠውም። እሱ ግን የድሃውን ረሃብ ተውሶ ለራሱ ፍርሃት መከለያ ያደርገዋል። ይሄ ነው አንጀቴን የሚያቃጥለው። ስለ ድሃ ተቆርቋሪ መስሎ ድሃውን ከሰውነት ተራ ያወጣዋል፦ እንጀራ እንጂ ሌላ ነገር የማያስብ፣ መሳቅ የማይገባው፣ መጫወት የማያውቅ ፍጡር ያደርገዋል።

ከምሠራበት ሕንፃ ሥር ጫማ የሚጠርጉ ልጆች አሉ። ደንበኛ ሲጠፋ ሳጥናቸውን ገፋ አድርገው በቆርኪ ይጫወታሉ። ቀረብ ብላችሁ እዩአቸው። አስፋልቱ ላይ በከሰል ክብ ይሠራሉ፣ ቆርኪውን መሃል ይደረድራሉ፣ ከመስመር ወዲያ ቆመው በጠፍጣፋ ድንጋይ ይመታሉ። ከጨዋታው ክርክሩ ይረዝማል። መስመር ረገጥክ! አልረገጥኩም! ይደገም! አይደገምም! ከዚያ አንዱ ቆርኪው ሁሉ ይበላና ኪሱን ገልብጦ ያሳያል። ባዶ። ሊሄድ ይነሳል። ያን ጊዜ የበላው ልጅ ከራሱ ክምር ላይ ቆጥሮ ጥቂት ይወረውርለታል። «እንካ፣ ግባ» ይለዋል። ያ ልጅ ከወጣ ጨዋታው አለቀ፤ ይህን ማንም አላስተማራቸውም። ካርስ ገጽ በገጽ የሚደክምበት ነገር እዚያ ከሰል በተሰመረበት አስፋልት ላይ በየቀኑ ይሠራል። ልጆቹ ቁርስ ይብሉ አይብሉ አላውቅም። ጠግበው እንዳልሆነ ግን አውቃለሁ።

ዣን ፒያዤ የስዊዘርላንድ ልጆች ብይ ሲጫወቱ አጠገባቸው ተቀምጦ፣ ሕጉን እየጠየቀ፣ በ1932 ስለ ልጆች የሞራል ፍርድ አንድ ትልቅ መጽሐፍ ጽፏል። ትንንሾቹ ሕግ ከላይ የመጣና የማይነካ ይመስላቸዋል። ከፍ ሲሉ ግን ሁላችንም ከተስማማን ልንለውጠው እንችላለን ማለት ይጀምራሉ። በዚያ ዕድሜ የሚደረስበትን ነገር ስንቱ ጎልማሳ ነው አጥቶት የሚሞተው? ስንቱ ነው ጸጉሩ ሸብቶ «ሕጉ ነው፣ ምን ላድርግ» የሚለው?

በገና በዓል ቆልማማ ዱላውን ይዞ ሜዳ የሚወርደው የገጠር ሰውስ ጎተራው ሞልቶለት ነው? በዚያ ጨዋታ ላይ ጌታ በሎሌው ምት እንዳይቆጣ የሚያስጠነቅቀው አባባል ከየት መጣ? ከዩኒቨርሲቲ አልመጣም። ዓመቱን ሙሉ ለጌታው ጎንበስ ሲል ከከረመ ሰው መንደር ነው የመጣው። ጌትነት ለአንድ ቀንም ቢሆን ከሜዳው ዳር መቀመጥ እንደሚችል ያ መንደር ያውቅ ነበር። እኛ የተማርነው ነን የረሳነው።

ይሄም ካልበቃ ዮሃን ሁይዚንጋን ተመልከቱ። ካርስ የሄደበትን መንገድ ቀድሞ የጠረገው እሱ ነው። የሰው ልጅ ባህል በጨዋታ ውስጥ ተወልዶ በጨዋታ አደገ ብሎ «ሆሞ ሉደንስ»ን ያሳተመው በ1938 ነው። ዓመቱን እዩት። ሂትለር ኦስትሪያን የዋጠበት ዓመት ነው። ሁይዚንጋ ኔዘርላንዳዊ ነው፤ እሳቱ ከደጁ ነበር። ገና በ1933 የላይደን ዩኒቨርሲቲ ሬክተር ሳለ አንድ ዓለም አቀፍ የተማሪዎች ጉባኤ ግቢው ውስጥ ተካሄደ። የጀርመን ልዑካን መሪ ዮሃን ፎን ሌርስ የሚባል ናዚ ነበር። አይሁድ የክርስቲያን ልጆችን ለሥርዓታቸው ይገድላሉ የሚለውን የቆየ ስም ማጥፋት ያራገበ ጽሑፍ ማሳተሙ ተደረሰበት። ሁይዚንጋ ሰውየውን አስጠራው። ጠየቀው። ከዚያ ከዩኒቨርሲቲው እንዲወጣ ነገረው። በ1942 ጀርመኖች ሁይዚንጋን ያዙትና አሰሩት፤ ሲለቁትም ወደ ላይደን እንዳይመለስ ከለከሉት። በ1945 መጀመሪያ፣ አገሩ ነጻ ልትወጣ ጥቂት ወራት ሲቀራት፣ ደ ስቴህ በምትባል መንደር እንደተገለለ ሞተ።

ይህ ሰው ነው የጠገበው?

«ሆሞ ሉደንስ»ን ካነበባችሁት ደግሞ ሁይዚንጋ ጨዋታ ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሕግ ማለቱ ነው። አጭበርባሪ እንኳ ሕጉን ያከበረ ለመምሰል ይደክማል ይላል፤ ሜዳውን የሚያፈርሰው ግን ከአጭበርባሪው የከፋ ነው። ያ ልዩነት በ1938 የመጽሐፍ ውስጥ ልዩነት ብቻ አልነበረም። በመጨረሻው ምዕራፉ የዘመኑን ሰልፍ፣ መፈክር፣ ባጅና የመንጋ ጩኸት አንስቶ ይሄ ጨዋታ አይደለም፣ ያላደገ ሰው ሥራ ነው ብሎ ይለየዋል። ጨዋታን የሚያከብር ሰው ልጅነትና እንጭጭነት እንዳይምታቱበት ይጠነቀቃል። እናንተ ግን ጨዋታ የሚለውን ስትሰሙ የመጣላችሁ መዝናኛ ነው። ጥፋቱ የማን ነው?

ካርስ እንከን የለውም አላልኩም። እንዲያውም ከእናንተ የባሰ ጠብ አለኝ። መጽሐፉ ሰው የለበትም። የሚያለቅስ፣ የሚላብ፣ የቤት ኪራይ ያለበት ሰው በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ አታገኙም። በዚህ ላይ አንድ ቦታ አለ። መጫወት ግዴታ የሆነበት ሰው መጫወት አይችልም ካለ በኋላ ባርነትንና ጭቆናን ያነሳል፤ የተጫነበትን ሚና እምቢ ያለ ሰው በከባድ ሥቃይ ወይም በሞት ሊከፍል እንደሚችል ጠቅሶ ያልፋል። ያልፋል! እግሩ በሰንሰለት የታሰረን ሰውና አለቃውን የፈራን ሰው በአንድ ትንፋሽ መጥራት አይቻልም። እዚያ ላይ ሊቆም ይገባው ነበር። ሊንተባተብ ይገባው ነበር። እዚያ ገጽ ላይ ተቆጥቶ መጽሐፉን የወረወረ አንባቢ ካለ ከጎኑ እቆማለሁ። እናንተ ግን እዚያ አልደረሳችሁም። ከሽፋኑ ነው የተመለሳችሁት።

የሚያጨበጭቡት ደግሞ ይብሳሉ።

በ2019 ሳይመን ሲኔክ «ዘ ኢንፊኒት ጌም» የሚል መጽሐፍ አውጥቶ ሐሳቡን ለድርጅት መሪዎች አቀረበው። የካርስን ስም አልደበቀም፣ ለዚህ ክብር ይገባዋል። ከዚያ ወዲህ ግን ሐሳቡ የስልጠና ስንቅ ሆነ። አንዱ ላይ ተቀምጫለሁ። የድርጅቱን ስም አልጠራም። አዳራሽ፣ ፕሮጀክተር፣ በየጠረጴዛው የታሸገ ውሃ፣ አንገት ላይ የተንጠለጠለ ባጅ፤ ባጁ ላይ ከስም በላይ የተጻፈ ማዕረግ። አሰልጣኙ ማለቂያ የሌለው ጨዋታ ተጫዋቾች ነን አሰኘን። አጨበጨብን። ከሻይ ዕረፍት በኋላ ኃላፊው ተነስቶ የሠራተኛ ምዘና ውጤት አነበበ፤ በደረጃ፣ ከአንደኛ እስከ መጨረሻ። የመጨረሻዎቹ «ይታያሉ» ተባለ። ከኋላ ወንበር አንዲት የሂሳብ ሠራተኛ እጇን አወጣች። «ማለቂያ በሌለው ጨዋታ ተጫዋቾቹ ሕጉን ይለውጣሉ ብላችሁናል። እኛ የምዘናውን ሕግ መለወጥ እንችላለን?» አለች። አዳራሹ ጸጥ አለ። «ጥያቄው ከርዕሱ ውጪ ነው» ተባለች።

ከርዕሱ ውጪ? ርዕሱ እሱ ነው! ከዚያ ሌላ ርዕስ የለም! ያቺ ሴት መጽሐፉን በአንድ ጥያቄ ጨርሳዋለች። በር ላይ ቆሞ ማን እንደሚወጣ የሚወስን ሰው ያለበት ቦታ፣ አንዱ ሌላውን ሳያማክር ሕግ የሚያወጣበት ቦታ፣ ለማሸነፍ የሚደረግ ተራ ውድድር ነው። ውድድር ነውር አይደለም፤ ካርስም ነውር ነው አላለም። ነውሩ ውድድሩን ቤተሰብ፣ ጉዞ፣ ራእይ እያሉ መሸፈን ነው። የዚያን ቀን ምሽት ሰዎቹ ፎቶ ተነሱ። ደረጃቸው «የሚታየው» ሰዎችም ፎቶው ውስጥ አሉ። እየሳቁ።

ናቂውም አጨብጫቢውም የሚሸሹት አንድ ቦታ ነው። ካርስ እንዲህ ይላል፦ ለማሸነፍ የሚጫወት ሰው በፈቃዱ እንደገባና መውጣት እንደሚችል ከራሱ ይሸፍናል። ሽፋኑ ከሌለ ትግሉ አይሞቅለትም። ይህን ሽፋን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። «የግድ ነው» ይባላል። ስንት ነገር ነው በዚህ የተቀበረው? ልጅቷ ሥዕል ትወዳለች፤ ሕክምና ትግባ፣ የግድ ነው። አለቃው የበታቹን በሰው ፊት ያዋርዳል፤ ኃላፊነት ነው፣ የግድ ነው። ሠርጉ በብድር ይደገሳል፤ ሰው ምን ይላል፣ የግድ ነው። ማን አስገደደህ? ስም ጥራ። ስም ሲጠፋ ቁጣ ይመጣል። ያን ጊዜ ነው «የጠገበ ሰው ፍልስፍና» የሚባለው።

ፈተናችንንም በዚሁ ዓይን እዩት። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲነገር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ስለ ኩረጃና ስለ ትምህርት ጥራት ብዙ ተባለ፤ መባልም ነበረበት። የቀሩትን ግን ምን አልናቸው? «ወደቁ»። የአንድ አገር ልጆች ሁሉ ሊባሉ ምንም ያልቀራቸው፣ በአንድ ቀን ወደቁ ተባሉ። ማን ነው ከክምሩ ቆጥሮ «እንካ፣ ግባ» ያላቸው? ካርስ ሥልጠናን ከትምህርት ይለያል። ሥልጠና ያልታሰበ ነገር እንዳይገጥምህ ያጥርሃል፤ ትምህርት ያልታሰበውን እንድትቀበል ያዘጋጅሃል። እኛ ግን አጥሩን ሠርተን አጥሩ ውጪ የቀረውን ሰነፍ እንላለን።

ውድድሩ መቃብር ድረስ ይከተለናል። ቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ እስቲ አስታውሱ። የት ተወለደ፣ የት ተማረ፣ ምን ዲግሪ ያዘ፣ በምን ኃላፊነት አገለገለ። ሰውየው ሲስቅ ቤቱ እንዴት እንደሚሞላ አንድ መስመር አይነበብም። ማዕረግ ሁልጊዜ ፊቱ ወደ ኋላ ነው፤ ያለቀ ውድድር ምስክር ወረቀት ነው። አፈር እየለበሰ እንኳ ያንን ወረቀት ነው የምናነብለት።

አሁን ማንም ወደማያነሳው ገጽ ልሂድ። ስለ ክፋት ወደ ጻፈው። ክፋት ለካርስ ሰውን መርታት አይደለም። ሰው ይሸነፋል፣ ይነሳል፣ እንደገና ይገባል። ክፋት አንድን ሕዝብ ከነድምፁ ከጨዋታው ማስወጣት ነው፤ ዝም መባሉ እንኳ እንዳይሰማ አድርጎ። ናዚዎች ከአይሁድ ጋር አልተወዳደሩም ይላል፤ ሳይወዳደሩ አሸናፊ ተብለው እንዲታወቁ ፈለጉ። ይህ ሁሉ የሚጀምረው ደግሞ ክፋትን ከምድር አጠፋለሁ ከሚል ምኞት ነው። ማንም ክፉ ልሥራ ብሎ አይነሳም። ስለ ጦርነትም እንዲሁ፦ ራስን ለመከላከል የግድ ነው ተብሎ ይቀርባል፤ ከሥሩ ያለው ግን እኛ ማን ነን ለሚለው መልስ ጠላት መፈለግ ነው።

ያጨበጨባችሁ ሰዎች፣ ይህን ገጽ ለምን ስላይድ ላይ አታወጡትም? የናቃችሁ ሰዎች፣ ይሄም የጥጋብ ነው?

እዚህ አገር ይህ ገጽ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ለቅሶ ያልተቀመጠ ቤት የለም። «እነዚያ ካልጠፉ ሰላም የለም» የሚለው ነገር ሳሎናችን ድረስ ገብቷል። ረከቦቱ ቀርቦ፣ ፈንዲሻው ተበትኖ፣ ዕጣኑ እየጨሰ ይባላል። አክስቶች እየሰሙ ይባላል። ልጆች እየሰሙ ይባላል። የተናገረው ሰው ሲኒውን ያቀብላል። ዝም ይባላል። ዝም ካሉት መሃል በልቡ እምቢ ያለ እንዳለ አውቃለሁ፤ ስንለያይ በር ላይ ይዞኝ «ይሄ እንኳ ልክ አይደለም» ብሎ ስለሚያንሾካሹክልኝ። በር ላይ! ጫማውን እያጠለቀ! ለምን በር ላይ? ከተቀመጥክበት ለምን አልተናገርክም? አንደበትህን ማን ያዘው?

«ታዲያ ለክፉ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ?» ትሉኛላችሁ። ሁይዚንጋ እጁን አጣጥፎ ነበር? ሥልጣን በያዘበት ግቢ፣ ውሸቱን ያሳተመውን ሰው፣ በስሙ ጠርቶ፣ ፊት ለፊት ጠይቆ ውጣ አለው። አንድ ሰው፣ አንድ ጽሑፍ፣ አንድ ጥያቄ። ሕዝብ አላስወጣም። በር ላይም አላንሾካሾከም። ከዓመታት በኋላ ሀገሩ በጀርመን እጅ ወድቃ ሳለ ወደ እስር የሄደው ሽማግሌ ሆኖ ነው።

በር ላይ የምትይዘኝ ወዳጄ፣ ከአንተ የሚጠበቀው ይህን ያህል አይደለም። ሁለተኛው ቡና ሳይቀዳ «እነሱም ቤት አላቸው፣ እንዲህ አይባልም» ማለት ነው፤ ተናጋሪውን በስሙ ጠርተህ፣ ዓይን ዓይኑን እያየህ፣ ልጆቹ እየሰሙ። ምን ታጣለህ? ምሽትህን ነው? የአጎትህን ሰላምታ ነው? ወይስ እስከ ዛሬ የግድ ነው እያልክ ያለፍከው ዝምታ ሁሉ ሒሳቡ አብሮ እንዳይመጣብህ ፈርተህ ነው?